የአህይት ብስክሌትና አመሉ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሥራ ተከፋፍለው በአንድ ኮረብታ ላይ አብረው ይኖሩ በነበረበት ዘመን፣ ውሃ የመቅዳት ሥራ የደረሳት አንዲት አህያ ነበረች። ስሟ አህይት ይባላል። ኮረብታው ላይ ምንጭ የለም። ውሃ ያለው ከታች፣ ከወንዙ ነው። ስለዚህ አህይት ጠዋት ጠዋት ትልልቅ ቅሎቿን ጀርባዋ ላይ ጭና ቁልቁለቱን ትወርዳለች፤ ሞልታ ደግሞ እያለከለከች ዳገቱን ትወጣለች። አንድም ቀን «ደከመኝ» ብላ አታውቅም። ሳይደክማት ቀርቶ አይደለም፤ መናገር ስለምትፈራ ነው።

አፍ ዝም ቢል ጀርባ ዝም አይልም። በዚያ ዓመት በጋው ረዘመ። ሁሉም ውሃ ውሃ አለ፤ ጭነቱም በዛ። የአህይት ጀርባ መጀመሪያ ተላጠ፣ ቀጥሎ ቆሰለ፣ በኋላም ዝንብ የማይለየው ገጣባ ሆነ። አንድ ቀን ዳገቱ መካከል ላይ ጉልበቷ ከዳትና ወደቀች። ቅሎቹ ተንከባለሉ፤ ውሃው ፈሰሰ። ያን ቀን ኮረብታው በሙሉ ጉሮሮው ደርቆ ዋለ።

በማግስቱ የእንስሳቱ ንጉሥ አያ አንበሶ ጉባኤ ጠሩ። እርጅና ተጫጭኗቸው እንደ ድሮው አያገሡም፤ ቢሆንም ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እንኳ ጥንቸሎች ዘለው ጉድጓድ ይገባሉ።

«አህይት» አሉ፤ «ውሃችን የት አለ?»

አህይት ጆሮዋን ጥላ መሬት መሬቱን አየች። ከኋላ በኩል አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ ብድግ አለ።

«ጌታዬ፣ ይቺ ምስኪን ታማለች» አለ። «ያልሠራች ደግሞ እዚህ ምን ታደርጋለች? ለእኔ ይስጡኝ። ከእኔ ጋር ትቀመጥ። እኔ አስታምማታለሁ።»

«አስታምማታለሁ» ሲል ምላሱ ከንፈሩን ዞረው። ሁሉም ነገሩ ገብቷቸዋል። ከጅብ ቤት ሊታከም የሄደ አህያ ድኖ ሲመለስ እስከ ዛሬ የታየ የለም።

አንበሶ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ አሰቡ። እንደተኙ የጠረጠሩም ነበሩ።

«ሥራ የሌለው በኮረብታችን አይቀመጥም፤ ሕጋችን ይህ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግን አህይት ብዙ ዘመን አጠጥታናለች። እስከሚመጣው ቅዳሜ ጊዜ ይሰጣት። ቅዳሜ ጠዋት ቅሎቹን ሞልተሽ እዚህ ካደረስሽ በቦታሽ ትቆያለሽ። ካላደረስሽ ግን አያ ጅቦ ይወስድሻል።»

«ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ጌታዬ!» አለ ጅቦ፣ ከወዲሁ የአህይትን ወገብ በዓይኑ እየለካ።

አህይት ከጉባኤው ወጥታ የምትሄድበትን ሳታውቅ ሄደች። እግሯ ያደረሳት ከትልቁ መንገድ ድልድይ ሥር ካለው ገደል ነው። የሰው ልጆች የማይፈልጉትን ሁሉ የሚጥሉት እዚያ ነው፤ የሞተ ከብትም፣ የተሰበረ ዕቃም፣ የዛገ ቆርቆሮም። ጅብ የሚመላለስበት ስለሆነ በሌላ ጊዜ አጠገቡ አትደርስም ነበር። ያን ቀን ግን «ከበላኝ አይቀር ዛሬ በላኝ ቅዳሜ በላኝ ምን ለየው?» ብላ ወረደች።

ከቁጥቋጦው መካከል አንድ ነገር ብልጭ አለባት። ብስክሌት ነው። ያውም የጥንት ብስክሌት፣ ወገቡ ቀጠን ብሎ ጎበጥ ያለ፣ ዛሬ ዛሬ የማይታይ ዓይነት። ጥቁር ቀለሙ ተቀርፎ ዝገት ወርሶታል። የፊት ጎማው የለም። ኮርቻው የለም። መሪው በአንድ በኩል ተሰብሯል። ፍሬኑ ተበጥሶ ሽቦው ብቻ ተንጠልጥሏል። አህይት በሰኮናዋ መታ ስታደርገው ግን ብረቱ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ዝገቱ ከላይ ብቻ ነው፤ ውስጡ ጤነኛ ነው።

አህይት ቆማ አየችው። ከወንዙ ማዶ ባለው መንገድ ከሰል ነጋዴዎች እንዲህ ያለ ነገር ላይ ጆንያ ቆልለው፣ በደረታቸው እየገፉ ዳገት ሲወጡ ብዙ ጊዜ አይታለች። ጀርባቸው ላይ ግን ምንም አልነበረም።

«በደረት!» አለች ለራሷ። «የእኔ ደረት እኮ ደህና ነው።»

«ማነው እዚህ ለብቻው የሚያወራው?»

ከአንድ የተበሳ በርሜል ውስጥ የእመት ቀበሮ ሹል አፍንጫ ብቅ አለ። እመት ቀበሮ የሰው ጓሮ እየዞረች የምትኖር፣ ሳይጠሯት የምትደርስ፣ ሳያዩዋት የምትወጣ ብልጥ ናት።

«እኔ ነኝ፣ እመት ቀበሮ። ይቅርታ።»

«ምኑ ነው ይቅርታው? አንቺ እኮ ስትራመጂ መሬቱንም ይቅርታ የምትጠይቂ ይመስለኛል። ይልቅ ይሄን ቁራጭ ብረት ምን ልታደርጊው ነው?»

አህይት በዝቅተኛ ድምፅ ያሰበችውን ነገረቻት። ቀበሮ መጀመሪያ ከት ብላ ሳቀች። ቀጥላ ሳቋን አቋረጠችና ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ። አንቺ ደግሞ እሱም ቢሆን የለሽም። እስቲ ብስክሌት ያስጥል እንደሆነ እንየው!» አለች። «ግን እኔ በከንቱ አልደክምም።»

«ምን ላድርግልሽ?»

«የተጣለ ዕቃ የት የት እንዳለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ አሳይሻለሁ፤ አንቺ ትሠሪያለሽ። ሲያልቅ ከኋላ በኩል ለእኔ መቀመጫ ታበጂልኛለሽ። ዳገት በእግር መውጣት ሰልችቶኛል።»

ቀበሮ ያለ ጥቅሟ ጅራቷን እንኳ እንደማትወዘውዝ አህይት ታውቃለች። ቢሆንም ሌላ ጓደኛ አልነበራትምና ተስማማች።

ሥራው ተጀመረ። ቀበሮ ከመንገዱ ዳር መንገድ ሠሪዎች ትተውት የሄዱትን የእጅ ጋሪ አሳየቻት። ሣጥኑ በስብሷል፤ ጎማው ግን ይዞራል። አህይት ነቅላ ወሰደችው። ከብስክሌቱ ሹካ ጋር አልገጥም ሲላት፣ የወይራ እንጨት በጥርሷ እየፋቀች ዘንግ አበጀችለት። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ድዷ ደማ። ግን ሲያልቅ ዘንጉ ልክ ብሎ ገባ። የመሪው ስብራት ላይ ከገደሉ ያገኘችውን የበሬ ቀንድ ቀጠለችበት። በኮርቻው ቦታ ባላ እንጨት ተከለች። ካቴናውን አውልቃ ከባላው ጋር አሰረችና የቅሎቹ ማንጠልጠያ አደረገችው፤ እሷ በደረቷ ነው የምትገፋው፤ ፔዳል አትመታም!

የኋላው ጎማ የተቀዳደደ ነው። ነፋስ አይዝም። ስለዚህ ገለባ ጠቀጠቀችበት።

«አህይት!» ጮኸች ቀበሮ። «ጎማሽን እየበላሽ ነው እኮ!»

አህይት ደንግጣ ማኘኳን አቆመች። «ይቅርታ፤ ሳላስበው ነው። ርቦኝ ነው።»

«ቶሎ ስፊው በይ፤ ያለዚያ ዳገቱ ጋ ሳንደርስ ምሳ ይሆናል።»

ዋናው ጥበብ ግን ማሰሪያው ነበር። ከአንድ አውድማ ዳር የተሰበረ ቀንበር ከነጠፍሩ ተጥሎ አገኙ። ጠፍር ደረቅ የበሬ ቆዳ ነው። አህይት ከወንዙ ዳር ዘፈዘፈችው። ለስለስ ሲል እያንዳንዱን መጋጠሚያ በጥርሷ እየሳበች፣ አንዱን ዙር በሌላው ላይ እየደረበች ጠመጠመችው። ከዚያ ፀሐይ ላይ አቆመችው። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር እንጨትን ከብረት ጋር እንደ ሚስማር ያያይዛል። ከተረፈው ወፍራም ቁራጭ ደግሞ ፍሬን ሠራች። በጥርሷ የምትስበው ገመድ ሲጠብቅ ቁራጩ ከኋላው ጎማ ላይ ይለጠፍና ያቆመዋል። ለእመት ቀበሮም ከኋላ መቀመጫ ሠርታ ያረጀ የበግ አጎዛ አነጠፈችላት።

«ለስላሳ ነው» አለች ቀበሮ ወጥታ ተቀምጣ። «ትንሽ ይሸታል። ግን ለስላሳ ነው።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁሉም አለቀ። ብስክሌቱ ከግራሩ ጥላ ሥር ቆመ። ቀበሮ ወደ ሆነ ዶሮ ቤት ጉዳይ አለኝ ብላ ሄደች። አህይት ብቻዋን ቆማ ሥራዋን ስታይ፣ ከኋላዋ ኮቴ ሰማች።

«እመት አህይት፣ እንደምን ዋልሽ?»

አያ ጅቦ ነበር። ፀጉሩን አስተኝቷል፤ ድምፁን አለስልሷል።

«እግዜር ይመስገን። እንደምን ዋልክ፣ አያ ጅቦ?» አለች፣ ወደ ብስክሌቱ ጠጋ እያለች።

«እንዴት ያለ ነገር ሠርተሻል! እኔ ላንቺ ክፉ የማስብ ይመስልሻል አይደል? እንዴ፣ ጎረቤት አይደለንም?» ተጠግቶ አሸተተ። «ምን ምን ነው የሚለው እባክሽ? ቆዳ ቆዳ…»

«ጠፍር ነው። ማሰሪያው።»

«ጠፍር!» ምራቁ መሬት ላይ ጠብ አለ፤ በእግሩ ሸፈነው። «ደክሞሻል እኮ። ሂጂና ውሃ ጠጪ፣ ሣር ጋጪ። ሌባ እንዳይነካብሽ እኔ እጠብቅልሻለሁ።»

አህይት «አይሆንም» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ተመለሰ። በትህትና የመጣን ጎረቤት ፊት ለፊት «አላምንህም» ማለትን ማንም አላስተማራትም። ያደገችው «እሺ» ስትል ነው።

«እሺ» አለች። «አመሰግናለሁ።»

ወደ ወንዙ ስትወርድ ልቧ «ተመለሺ፣ ተመለሺ» ይላታል፤ እግሯ ግን መመለሱን አፈረ። ሁለት ጊዜ እንደጎነጨች አላስችል ብሏት ሮጣ መጣች።

ጅቦ የለም። ብስክሌቱ መሬት ላይ ተበታትኗል። የፊት ጎማው በአንድ በኩል፣ ቀንዱ በሌላ በኩል፣ ባላው ወዲያ። ከጠፍሩ አንዲት ክር አልቀረችም። ፍሬኑ የለም። አጎዛው ፀጉሩ እንኳ አልተረፈም።

አህይት እዚያው ቁጭ አለች። እመት ቀበሮ ስትመለስ ያገኘቻት እንባዋ በአፍንጫዋ እየወረደ ነው። ቀበሮ ግራ ቀኙን አየች፤ መሬቱን አሸተተች።

«አጎዛዬስ?» አለች መጀመሪያ።

«አያ ጅቦ ልጠብቅልሽ ብሎኝ…»

«ምን? ቆዳ ለጅብ አደራ ሰጠሽ? የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚል ፍጥረት፣ በሚያውቁት አገር ምን እንዲያደርግልሽ ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማሽም?»

«እምቢ ማለት አፍሬ ነው።»

«ነገ ወገብሽን ሲይዝሽም አፍረሽ ዝም በይው!»

ይህ ቃል አህይትን እንደ አለንጋ ገረፋት። ብድግ አለች። ሌላ ጠፍር የለም። ቢኖርም እስኪዘፈዘፍና እስኪደርቅ ቅዳሜ ያልፋል። ቀና ስትል ያየችው ብስክሌቱ ያረፈበትን ግራር ነው።

«ልጡን እልጣለሁ» አለች። «ልጥ እንደ ጠፍር አይደለም። ለፍሬን አይሆንም፤ ጎማው ሲዞርበት ይበጣጠሳል። ለማሰሪያ ግን ለነገ ጠዋት ይይዝልኛል።»

«ፍሬን ሳይኖረውስ?»

«ሽቅብ ነው የምወጣው። ሽቅብ ለሚወጣ ፍሬን ምን ያደርግለታል? ብቻ መሀል ላይ ማረፍ አልችልም። ከቆምኩ ይዞኝ ወደ ኋላ ይመለሳል።»

ቀበሮ ቀና ብላ አየቻት። አህይት ይህን ያህል ስትናገር ሰምታት አታውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት እንስሳት ሁሉ ኮረብታው ላይ ተሰበሰቡ። አያ ጅቦ ከሁሉ ቀድሞ ደርሷል። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ግን ለአህይት ቦታ እንዳለው እርግጠኛ ነበር።

ከታች አህይት ደረቷን ከባላው ላይ አስደግፋ ትገፋለች። ቅሎቹ ሞልተው በካቴናው ላይ ይወዛወዛሉ። ልጡ ሲጥ ሲጥ ይላል። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። ባለፈው የወደቀችበት ቦታ ላይ ስትደርስ እግሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብስክሌቱ ወደ ኋላ ጋደል አለ። በዚያች ቅጽበት ከኋላው ጎማ ሥር አንድ ድንጋይ ገባ።

«ተንፍሺ» አለች ቀበሮ፣ ድንጋዩን በእግሯ እንደያዘች። «ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። ገና ሌላ አጎዛ ስለምትሰጪኝ ነው።»

አህይት ተነፈሰች። ከዚያ ደግሞ ገፋች።

ጫፉ ላይ ብቅ ሲሉ እንስሳቱ እልል አሉ። አንዲት ቅል አልተሰበረችም። ቀበሮ ጎማውን በድንጋይ ደገፈች። አንበሶ ቀስ ብለው መጡ፣ አፋቸውን ከቅሉ አስገቡ፣ ለረጅም ጊዜ ጠጡ። ቀና ሲሉ ጺማቸው ይንጠባጠባል።

«ውሃው ውሃ ነው» አሉ። «አህይት በቦታዋ…»

«ፍርድ! ጌታዬ፣ ፍርድ!»

አያ ጅቦ መሀል ገባ።

«ብስክሌቱ የእኔ ነው! ከድልድዩ ሥር ካለው ገደል የሚወድቅ ሁሉ የጅብ ነው። አባቴም አያቴም የበሉት ከዚያ ነው። ይህን የማያውቅ አለ?»

እውነቱን ነው። ከገደሉ የወደቀ የጅብ እንደሆነ ሁሉም ሲሰማ ነው ያደገው።

«እንግዲያው» አለ ጅቦ፣ ድምፁ እየጎላ፤ «ውሃውን ያመጣው የእኔ ብስክሌት ነው። አህይት የመጣችው ባዶዋን ነው። ባዶዋን ከመጣች ደግሞ የማን ናት? የእኔ!»

ጉምጉምታ ተነሣ። አንበሶ ጋማቸውን አከኩ።

«የወደቀው ዝገት ነው!» አለች ቀበሮ። «ይህን ማን ሠራው?»

«እኔም ሠርቼበታለሁ! ትናንት ስጠብቀው ነበር። ራሷን ጠይቋት!»

«ጠብቆልሻል?» አሉ አንበሶ።

አህይት መዋሸት አታውቅበትም። «አዎ፣ ጌታዬ… ጠብቋል።»

ጅቦ ሳቀ። ቀበሮ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። አንበሶ ግን ሁለቱን ተራ በተራ አዩ።

«በሬ ያለው የበሬውን አመል ያውቃል» አሉ። «ዕቃም እንደዚያው ነው። ሁለታችሁም የእኔ ነው የምትሉት ከሆነ፣ አመሉን ንገሩኝ። አያ ጅቦ፣ ጀምር።»

«አመል? ምን አመል አለው? እንከን የማይወጣለት ነው! እንደ ነፋስ ይበራል፣ እንደ እኔ ይታዘዛል። ምንም፣ ምንም ጉድለት የለበትም!»

እንስሳቱ በአድናቆት አጉረመረሙ። ከዚያ ሁሉም ዓይኑን ወደ አህይት አዞረ። አህይት በሕዝብ ፊት ተናግራ አታውቅም። ጆሮዋ ወደቀ። ግን የተጠየቀችው ስለ ብስክሌቱ ነው። ስለ ብስክሌቱ ደግሞ የማታውቀው የለም።

«ወደ ግራ ይስባል» አለች ቀስ ብላ። «በቀኝ ትከሻዬ ነው የማቀናው። የፊት ጎማው የእጅ ጋሪ ስለሆነ ያንሳል፤ አፍንጫውን ይደፋል። የኋላው ጎማ አንድ ቦታ ላይ ይነጥራል። ገለባው እዚያ ጋ ሳስቷል… እኔ ነኝ የበላሁት።»

አንዳንዶች ሳቁ። አህይት አልቆመችም።

«ቀንዱን አጥብቀው ከሳቡት ይወልቃል። ማሰሪያው ልጥ ነው፤ ከዛሬ አያልፍም። ደግሞም ፍሬን የለውም። ትናንት ነበረው፤ ዛሬ ግን የለውም።»

«ሰማችሁ!» ጅቦ በደስታ ዘለለ። «የገዛ ዕቃውን እንዲህ የሚሰድብ ባለቤት አለ? የእሷ ቢሆን አታመሰግነውም?»

አንዳንድ እንስሳት «እውነትም» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አህይት ዙሪያዋን አይታ ፈራች። ምነው ትንሽ እንኳ ባመሰገንኩት አለች በልቧ።

«አንዳችሁ ዋሽታችኋል» አሉ አንበሶ። «ማን እንደሆነ ግን…»

«እኔ አሳያችኋለሁ! አሁኑኑ!»

ጅቦ ቅሎቹን አውርዶ፣ የጎማውን ድንጋይ በእግሩ መትቶ፣ የብስክሌቱን ፊት ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ የቀበሮ መቀመጫ ላይ ጉብ አለ።

«አያ ጅቦ፣ ተው!» አለች አህይት። ድምፅዋ እንዲህ ጎልቶ ወጥቶ አያውቅም። «እባክህ ተው! ፍሬን የለውም አልኩህ እኮ!»

«እንዳልወስደው ብለሽ ነው! ይልቅ ተመልሼ እስክመጣ ታጠቢና ጠብቂኝ!»

ተንደረደረ።

መጀመሪያ እውነትም እንደ ነፋስ በረረ። እንስሳቱ «ኦ!» አሉ። ቀጥሎ ወደ ግራ ሳበ።

«ወደ ቀኝ አቅናው!» ጮኸች አህይት።

ጅቦ ሊያቀና ቀንዱን ሳበ። ቀንዱ ወልቆ እጁ ላይ ቀረ። ጎማው ገለባው የሳሳበት ጋ ሲደርስ ነጠረ፤ ጅቦም አብሮ ነጠረ። ነጠረ፣ ተቀመጠ፤ ነጠረ፣ ተቀመጠ። ወንዙ ከፊቱ እየቀረበ፣ እየሰፋ መጣ።

«ፍሬኑ የት ነው?» ጮኸ። «ኧረ ፍሬኑ የት ነው ያለው?»

እመት ቀበሮ ከኮረብታው ጫፍ ሁለት እጆቿን በአፏ ዙሪያ አድርጋ መለሰችለት።

«ሆድህ ውስጥ ነው፣ አያ ጅቦ! ከነአጎዛዬ!»

ብስክሌቱ የወንዙ ዳር ላይ አፍንጫውን ደፋ። ጅቦ በአየር ላይ ሄደ፤ ሁሉም እስከ መጨረሻው በዓይኑ ሸኘው። ከዚያ ጮቤ የሚያስረግጥ የውሃ መንቦጫረቅ ተሰማ።

እንስሳቱ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሲስቁ፣ ቁልቁል የሮጠችው አህይት ብቻ ናት።

«አያ ጅቦ! ደህና ነህ?»

ጅቦ ከማዶው ዳር ወጥቶ ራሱን አራገፈ። ጅራቱን ከእግሩ መካከል ከትቶ፣ ወደ ኋላ ሳያይ፣ ሆዱን እየጎተተ ጫካ ገባ። መልስ አልሰጣትም። በሕይወት አለ፤ ለእሷ ይኸው በቂዋ ነበር።

ብስክሌቱ ቄጠማው ውስጥ ተገልብጦ ነበር። አህይት እየፈራች ቀረበች። ልጡ ተበጥሷል። የወይራው ዘንግ ተሰንጥቋል። ሰኮናዋን አንሥታ ብረቱን መታ አደረገችው። ጥርት ብሎ ጮኸ። የኋላው ጎማ ገና ቀስ እያለ ይዞራል።

አንበሶ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንዝ ድረስ በእግራቸው ወርደው ደረሱ።

«የገደሉ ሕግ የጅብ ነው፤ አልሽረውም» አሉ እያለከለኩ። «ዝገቱ የጅብ ነበር። ይህ ግን ዝገት አይደለም። ጉድለቱን አንድ በአንድ የቆጠረልን የሠራው ነው፤ የሠራውም ባለቤቱ ነው። አህይት በቦታዋ ትቀመጣለች። ገጣባዋ እስኪሽር ድረስ ደግሞ ማንም ጀርባዋ ላይ ምንም እንዳይጭን፤ ላባም ቢሆን። እስከዚያ ውሃ የጠማው…» ወንዙን አዩና ቃላቸውን ዋጡ። «እስከዚያ ውሃ የጠማው፣ እንደ እኔ ይውረድ።»

ጥንቸሎቹ አጨበጨቡ። እመት ቀበሮ ደግሞ አህይት አጠገብ መጥታ ቄጠማው ላይ ተቀመጠች።

«በሚቀጥለው ፍሬኑን ከምን ትሠሪዋለሽ?» አለች።

አህይት አሰበች። «ጅብ ከማይበላው ነገር።»

«እንግዲያው ብዙ ፍለጋ አለብን» አለች ቀበሮ፣ ተጋድማ ዓይኗን እየጨፈነች።

አህይትም ቀስ ብላ በጎኗ ተኛች። ፀሐዩ ገጣባዋን አሞቀው። ከዚያ ከመጀመሪያው ጉባኤ ጀምሮ ደረቷ ውስጥ ይዛው የከረመችውን ትንፋሽ በሙሉ በአፍንጫዋ ለቀቀችው፤ ፊቷ ያለው አቧራ ብን አለ። ቅዳሜ ነበር፤ ማንም አልወሰዳትም።

ከዚህ የምንማረው፣ ለፍቶ የሠራ የሥራውን ጉድለት ያውቀዋልና ለመናገር ሊያፍር እንደማይገባው፣ የሌላውን ልፋት የሚነጥቅ ግን ጉድለቱን የሚያውቀው ቁልቁለቱ መሀል ላይ ከደረሰ በኋላ መሆኑን ነው።